የአባት ትምህርት፣ የተቋም ወረቀት

በቡሬ የጭነት ገበያ መኪናው ሹፌር ያጣበት ባለንብረት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንጃ ፈቃድ አይደለም። ደላላው አንድ ወጣት ይዞ ሲመጣ ባለንብረቱ ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ ከዚያም «ማን ጋ ነው የሠራኸው?» ይለዋል። «ከአያ እገሌ ጋ ሁለት ዓመት ረዳት ነበርሁ» የሚል መልስ ከመጣ ጨዋታው ይቀጥላል። መልሱ «ማሠልጠኛ ገብቼ ነው ያወጣሁት» ብቻ ከሆነ ግን ባለንብረቱ ሻዩን ፉት ይልና ወሬውን ወደ በቆሎ ዋጋ ያዞራል። መንጃ ፈቃዱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ እንዳያቆመው ተብሎ እንጂ ወረቀቱ ታምኖ አይደለም።

ይህ የባለንብረቶች ጠባይ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ሲነገር መንጃ ፈቃድ ማለት በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን የመረጃ ክፍተት የሚሞላ ምልክት ነው። ባለንብረቱ የማያውቀውን ሰው ችሎታ መንግሥት ፈትኖ፣ ማኅተም አሳርፎ «ይህ ሰው ይችላል» ይልለታል። አዋጁም ወረቀቱን «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ብሎ የሰየመው ለዚሁ ነው። ገበያ ግን አንድን ምልክት ማመን ሲያቆም ቁጭ ብሎ አያለቅስም፤ የራሱን ምልክት ይፈጥራል። የቡሬ ገበያ የፈጠረው ምልክት የአስተማሪው ስም ነው። ችግሩ ይህ ስም የትም ቦታ አለመጻፉ ነው። በመንጃ ፈቃዱ ላይ የለም፣ በመድን ውሉ ላይ የለም፣ አደጋ ሲደርስ በፖሊስ መዝገብ ላይም አይገኝም።

ነገሩ ለምን ከቡሬ ተነሳ ቢባል ምክንያት አለው። ቡሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልትና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የምዕራብ ጎጃም በቆሎ፣ በርበሬና ስንዴ በዚህ መገናኛ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ዓመት ተመርቋል። ባለሀብት ስለ ፋብሪካ ሲያስብ የሚታየው ማሽን፣ መብራት፣ የባንክ ብድርና የውጭ ምንዛሪ ነው። ጥሬ ዕቃውን ከገበሬው ደጃፍ የሚያመጣው፣ ምርቱንም ወደ መርካቶ የሚያደርሰው መሪ የጨበጠ ሰው መሆኑ ትዝ የሚለው መኪናው ገደል ሲገባ ነው።

በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተቀጣጠለው ግጭት መንገዱን ሲዘጋ ሲከፍት ከርሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤተሰብ ያለው፣ ዕድሜው የገፋ ሹፌር መስመር ይመርጣል፤ ያንገራግራል። ጭነት ደግሞ አይጠብቅም። መሪው ብዙ ጊዜ ለወጣቱ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ ወጣቱ መኪና መንዳት ከየት ተማረ የሚለው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ሆኗል።

ሁለቱ መዝገብ አልባ ትምህርት ቤቶች

በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ አካባቢ መኪና የሚለመደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የአባት ትምህርት ነው። ለምሳሌ አንድ ኤንፒአር አይሱዙ ያለው የእህል ነጋዴ እንውሰድ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መኪናው ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ አባትና ልጅ ከከተማ ወጣ ብለው አጨዳው ያለቀበት ሜዳ ላይ ያቆማሉ። መጀመሪያ ሞተር ሳይነሳ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ። ቀጥሎ ማርሽ። ልጁ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ይለቀውና መኪናው ዘሎ ይጠፋል። አባት ይቆጣል፣ እናት ቤት ሆና ትጸልያለች። ከሦስት ወር በኋላ ልጁ መኪናውን ከመጋዘን በር እስከ ሚዛን ድረስ ያስጠጋል። ከዓመት በኋላ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ትራፊክ በማይገኝበት ሰዓት፣ ገጠር ገብቶ በቆሎ ጭኖ ይመለሳል።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የትኛውም የማሠልጠኛ መጽሐፍ በበቂ የማይዘው ነገር አለ። ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ እንደማይያዝ፣ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ እንዳለበት፣ ፍሬን ሲግል እግር ሥር እንደሚሟሽሽ፤ በሬ መንገድ ሲያቋርጥ አንዱ ካለፈ ሌላው እንደሚከተል፤ በገበያ ቀን አህያ የጫነች ሴት ክላክስ ስትሰማ የምትጠጋው ወደ አህያዋ እንጂ ወደ ዳር እንዳልሆነ፤ በክረምት የጠጠር መንገድ ዳሩ ሲታይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ የላመ እንደሆነ። ይህን ሁሉ አባት የሚያስተምረው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልጁ ቢገለብጠው ልጁንም መኪናውንም የሚያጣው እሱ ነው።

ሁለተኛው የረዳት ትምህርት ነው። ደሀው ልጅ አባቱ መኪና ስለሌለው ሹፌሩን አባት ያደርጋል። ሲጀምር መኪና ያጥባል፣ ሸራ ያስራል፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል፣ ጎማ ይፈታል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል። ደመወዙ ትንሽ ነው። በቀረው የሚከፈለው በትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ሹፌሩ ደስ ያለው ዕለት መናኸሪያ ውስጥ «በል አስጠጋት» ይለዋል። ሲደክመው ደግሞ ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ መሪውን ይለቅለታል። ይህ ሁለተኛው ነገር ነው አደገኛው፤ ምክንያቱም ያኔ አስተማሪው ተኝቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በረዳት መንገድ የሚያልፉት ወንዶች ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመኪና ጋር መንገድ ላይ አድሮ የሚማር ሴት ልጅ የሚልክ ቤተሰብ በዚህ አገር አይገኝም። ሴት ልጅ መሪ ለመጨበጥ ያላት ተስፋ ወይ የአባቷ መኪና ነው፣ ወይ የማሠልጠኛው ክፍያ። በምዕራብ ጎጃም የእህል ንግድ ውስጥ ያሉ ሴቶች ቁጥር ትንሽ አይደለም፤ የራሳቸውን መኪና ራሳቸው የሚነዱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአባት ትምህርት ሕጋዊ መልክ ቢይዝ መጀመሪያ የሚጠቀሙት እነሱ በሆኑ ነበር።

ሕጉ የዘለለው እርከን

ከ2000 ዓ.ም. በፊት መንጃ ፈቃድ በደረጃ ይጠራ ነበር። «ሦስተኛ አለው»፣ «አምስተኛ አወጣ» ማለት እንደ ማዕረግ ይቆጠራል፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ባለንብረቶች ዛሬም አፋቸው የለመደው ይህንኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600/2000 ደረጃውን በምድብ ተካው፤ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እያለ ለየ። ሥልጠናውንም ፈቃድ ላላቸው ማሠልጠኛ ተቋማት ሰጠ። ከ10 ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይህንኑ ተክቶ መመዘኛውን አጠበቀ። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ የተቋም ሥልጠና፣ ከዚያም የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይጠየቃል። ለከባድ መኪና ደግሞ በዝቅተኛው ምድብ የቆየ ሰው ይፈለጋል።

ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደህንነት ዘገባ በኢትዮጵያ በ2016 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ከ100 ሺህ ሕዝብ 26.7 እንደሚደርስ ገምቷል። በመንግሥት በኩል የተመዘገበው ግን 4,352 ሰው ነበር፤ የድርጅቱ ግምት ከ27 ሺህ በላይ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ አንድ ጉዳይ ቢሆንም እዚህ አይነሳም። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ዘገባ አንብቦ አይደለም።

ሆኖም አዋጁ አንድ እርከን ዘሏል። በሕጉ ዓይን አንድ ሰው ወይ አይነዳም፣ ወይ ይነዳል። 18 ዓመት ሞልቶት ሥልጠናውን ጨርሶ ፈተናውን ያለፈ ዕለት ከትናንት ወዲያ በማሠልጠኛ መኪና ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ሲሠራ የነበረው ልጅ ብቻውን ቁልፍ ይዞ ይወጣል። ከዚያች ዕለት በፊት ደግሞ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ኪሎ ሜትር ቢነዳ ወንጀለኛ ነው። ለከባድ መኪና የሚጠየቀው ልምድም ቢሆን የሚለካው በዓመት ነው፤ በሰዓት ወይም በኪሎ ሜትር አይደለም። ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሱቅ ሲሸጥ የከረመውና በየቀኑ ዳገት ሲወጣ ሲወርድ የከረመው እኩል ሁለት ዓመት አላቸው።

በዚህ መካከል የተፈጠረው ገበያ ምን ይመስላል? ፍላጎት አለ፣ አቅርቦቱ በፈቃድ የታጠረ ነው፣ ጥራቱን ደግሞ ገዥው አያየውም። እንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ የሚሸጠው ዕውቀት ሳይሆን ወረቀት ቢሆን ሊገርም አይገባም። ማሠልጠኛው የሚከፈለው በተመዘገበ ሰው ቁጥር ነው። ያሠለጠነው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ 50 ኩንታል ጭኖ ቢገለበጥ ከተቋሙ ካዝና አንዲት ብር አትወጣም፤ ስሙም አይጠራም። ተቋማቱ ሁሉ ይህን ያደርጋሉ ማለት አይደለም። በትጋት የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን በትጋት የሚሠራውና ወረቀት የሚሸጠው እኩል ዋጋ በሚጠይቁበት ገበያ ተጎጂው ትጉሁ ነው፤ የነዳጁ ወጪ የሚበዛው እሱ ነውና። በሐሰተኛ ማስረጃ ስለሚወጣ መንጃ ፈቃድ በየጊዜው የሚሰማው ወሬ የዚሁ ውጤት ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ሁለት ጊዜ የሚከፍለው የረዳቱ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ በጉልበቱ ለሹፌሩ፣ ሁለተኛ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ለተቋሙ። ለመጀመሪያው ክፍያ ዕውቀት አገኘ፣ ለሁለተኛው ወረቀት። ማሠልጠኛና ፈተና ወዳለበት ከተማ ለመመላለስ መሳፈሪያ፣ ማደሪያና ከሥራ መቅረት አለ። መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ ያ ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ገንዘቡን የሚያበድረው ብዙ ጊዜ ባለንብረቱ ነው፤ ልጁ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ለወራት በርካሽ እየነዳ ነው። ይህን አሠሪዎቹ «ረዳሁት» ይሉታል፤ በሒሳብ መዝገብ ቢጻፍ ሌላ ስም አለው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አያንቀላፋም

ባለንብረቶች ይህን የተደበቀ ትምህርት በቸልታ ሲያዩ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ያንቀሳቀሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ቢሆንም እንኳ። አንቀጽ 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል። በሜዳው ላይ ልጁን የሚያስተምረው ነጋዴ እንግዲህ በሁለት ገመድ ታስሯል። አንዱ ባለንብረትነቱ ነው፣ ሌላው አባትነቱ።

መድንስ? የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ ነው፤ ተለጣፊው በየዓመቱ መስታወት ላይ ይለጠፋል። የራሱን መኪና በሙሉ ሽፋን ያስገባ ባለንብረት ግን የውሉን ትናንሽ ፊደሎች ማንበብ ይኖርበታል። የተሽከርካሪ መድን ውሎች መኪናውን ይነዳ የነበረው ለዚያ ምድብ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሆነ ለመኪናው ጉዳት አይከፍሉም። የአንድ አይሱዙ ዋጋ በሚሊዮኖች በሚቆጠርበት በዛሬው ጊዜ፣ ያም መኪና ለባንክ ብድር መያዣ ሆኖ ሳለ፣ እሑድ ማለዳ አንዲት ስህተት የአንድ ቤተሰብን ንግድ ታዘጋለች። ባለንብረቱም ይህን ስለሚያውቅ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ሐኪም ሳይሆን «እኔ ነበርሁ የምነዳው» የሚል ፈቃድ ያለው ሰው ነው። በዚህ አኳኋን ውሸት የንግዱ አንድ ወጪ ሆኖ ተቆጥሯል።

ቴክሳስ ምን አተረፈች?

አባት ልጁን መኪና የሚያስተምርበት ሕጋዊ መንገድ በዓለም ላይ የለም እንዳይባል በደንብ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዳላስና በሂዩስተን ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ወላጅ ልጁን ራሱ አስተምሮ ለመንጃ ፈቃድ እንዲያበቃ ፈቅዷል። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው የለማጅ ፈቃድ ያወጣል፤ ቢያንስ 6 ወር በእሱ ይቆያል፤ 16 ሲሞላው ፈተናውን ካለፈ ገደብ ያለበት ፈቃድ ይሰጠዋል። ወላጁ የጸደቀ የመማሪያ ጽሑፍ መከተል አለበት፤ የራሱ መንጃ ፈቃድ ንጹሕ መሆን አለበት፤ የተሠራውን ሰዓትም መዝግቦ ይፈርማል። ከትምህርቱ ሰዓት ሌላ የሚጠየቀው ተጨማሪ ልምምድ 30 ሰዓት ሲሆን ከዚህ ውስጥ 10ሩ ማታ መሆን አለበት።

ይህን የሰማ የቡሬ አባት ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት በቴክሳስ በወላጅ ብቻ የተማሩት ወጣቶች በተቋም ከተማሩት ይልቅ በደንብ መተላለፍም በከባድ አደጋም የከፋ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። ክፍለ ግዛቱም በ2009 ሕጉን አጥብቆ የልምምዱን ሰዓት ጨመረ። አባት ልጁን ይወዳል፤ ነገር ግን የራሱን መጥፎ ልማድም አብሮ ያወርሰዋል። ኩርባ ላይ የሚቀድም አባት ኩርባ ላይ የሚቀድም ልጅ ያወጣል። ከአቅም በላይ የሚጭን ሹፌር ያስተማረው ረዳት ከአቅም በላይ መጫንን እንደ ጀግንነት ያየዋል። ጫት እየቃመ ሌሊት መንዳትም የሚወረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

አውሮፓውያን የመረጡት መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ለኢትዮጵያም የሚቀርበው ይኸኛው ነው። በፈረንሳይ ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው በመጀመሪያ ማሠልጠኛ ገብቶ ቢያንስ 20 ሰዓት ይማራል። ከዚያ በኋላ ነው ወላጁ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ቢያንስ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚያስነዳው። ማሠልጠኛውና ወላጁ በየመካከሉ ይገናኛሉ። በጀርመን ደግሞ ወጣቱ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ በ17 ዓመቱ ያልፋል፤ 18 እስኪሞላው ግን ብቻውን አይነዳም። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 5 ዓመት መንጃ ፈቃድ የያዘ መሆን አለበት። ለቡሬ ገበያ የሚጠቅመው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የአጃቢው ስም በወጣቱ የምስክር ወረቀት ላይ ይጻፋል። በቡሬ ሻይ ቤት በቃል የሚጠየቀው ነገር በጀርመን በማኅተም የታተመ ነው።

ምን ይደረግ?

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አዋጁን በሚያሻሽልበት ጊዜ ማሠልጠኛን አፍርሶ አባትን መተካት አይገባውም። የቴክሳስ ውጤት ይህን አይመክርም። ማሠልጠኛው መጀመሪያ ይምጣ፤ ምልክቱን፣ ሕጉን፣ የመኪናውን አሠራርና መነሻውን ያስተምር። ከዚያ ለማጁ ተመዝግቦ ከአንድ ስሙ ከታወቀ አጃቢ ጋር የተወሰነ ሰዓት እንዲነዳ ይፈቀድለት። አጃቢው አባት ሊሆን ይችላል፣ እናት ልትሆን ትችላለች፣ ለረዳቱ ደግሞ ሹፌሩ ይሆናል። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ማታ፣ ዝናብ፣ ጭነት፤ እያንዳንዱ በመዝገብ ላይ ይስፈር። ፈተናው ግን ከሁለቱም እጅ ይውጣ። ያሠለጠነው አይፈትን፣ የወለደው አይፈትን።

«ያም መዝገብ በሐሰት ይሞላል» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ ይሞላል። በዚህ አገር ፊርማ ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነው ግን ፈራሚው ምንም ስለማያጣ ነው። አጃቢው የፈረመለት ለማጅ በመጀመሪያው ዓመት ከባድ ጥፋት ቢያደርስ ጥፋቱ በራሱ በአጃቢው መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ ቢሆን፣ 5 ልጆች አባቱን ሳይጠይቅ የሚፈርም ሹፌር ይኖር ይሆን? መንጃ ፈቃዱ እንጀራው የሆነ ሰው በእሱ ላይ አይጫወትም። ተቋሙም እንደዚሁ ነው። ያሠለጠናቸው ሰዎች የአደጋ መዝገብ በተቋሙ ስም ተሰብስቦ በየዓመቱ ቢወጣ፣ ዛሬ በዋጋ ብቻ የሚወዳደሩት ተቋማት በሌላ ነገር መወዳደር ይጀምራሉ። ቡሬ ያለ ወላጅም ልጁን የት እንደሚልክ ያውቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ አደጋ ሲመዘግብ በሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። መኪና ያለው አባት ልጁን ያስተምራል፣ የሌለውስ? በአጃቢ የሚደረግ ልምምድ ሕጋዊ ከሆነ የባለሀብቱ ልጅ ቀድሞ ይሮጣል የሚል ነው። ነገር ግን ዛሬም እየሮጠ ነው። የነጋዴው ልጅ በሜዳው ላይ ተምሮ፣ ማሠልጠኛውን በወረቀት ብቻ አልፎ፣ በ18 ዓመቱ ፈቃዱን ይይዛል። ሕጉ ቢለወጥ የሚጠቀመው ይልቁንስ ረዳቱ ነው። ዛሬ ሁለት ዓመት የለፋበት ዕውቀት በሕግ ፊት ዜሮ ነው፤ ያኔ ግን ሰዓት ሆኖ ይቆጠርለታል። ሹፌሩም የተኛበትን ሰዓት አይፈርምም።

ሕግ እስኪወጣ ድረስ የግሉ ክፍለ ኢኮኖሚ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። የመድን ኩባንያዎች ለተሽከርካሪ ሽፋን የሚያስሞሉት ቅጽ የሹፌሩን ስም፣ ዕድሜና የመንጃ ፈቃድ ምድብ ይጠይቃል። እዚያው ላይ ሹፌሩ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት መኪና፣ በየትኛው መስመር ስንት ጊዜ እንደሠራ ቢጠይቁና ከቀድሞ አሠሪው የተጻፈ ማስረጃ ላመጣ ባለንብረት አረቦኑን ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉ፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ የትኛው አስተማሪ ርካሽ የትኛው ውድ እንደሆነ በእጃቸው ባለ ቁጥር ያውቁታል። የጭነት ማኅበራትም ረዳትነቱን ጨርሶ ለሚወጣ ወጣት የሹፌሩ ስም ያለበት ደብዳቤ መስጠት ይችላሉ፤ ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው።

የቡሬ የጭነት ደላሎች በዚህ ነገር የሚከፉ ይመስላል። ዛሬ ኮሚሽን ከሚያስገኙላቸው ነገሮች አንዱ ማን ማንን እንዳስተማረ በቃላቸው ማወቃቸው ነው። ደብዳቤው ከመጣ ባለንብረቱ ለዚያ ዕውቀት አይከፍልም፤ ለሻዩ ብቻ ይከፍላል።